የኮምቦልቻ ሞንታርቦዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሳይረን ይጮኻል። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ፋብሪካው ፀጥ ይላል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቀትር ቤት ይወርዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከምድር በላይ የሚቆም የለም፤ ፀሐይዋ እንደ ድሮዋ አይደለችማ! አራስ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ሽማግሌው ከዘራውን ይዞ፣ ተጣልተው የከረሙ ጎረቤታሞች ፊት ለፊት ላለመተያየት አንገታቸውን አዙረው፣ ሁሉም ደረጃውን ይወርዳል። ታች ደግሞ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ማየት የለም፤ ይጨፈራል። መጀመሪያ ያዘዙት ሐኪሞች ናቸው ይባላል፣ ከመሬት በታች ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ደሙ ይረጋል ብለው። አሁን ማን አዘዘ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ምሳ ይበላል፣ እጅ ይታጠባል፣ ይጨፈራል።

በሌላውም ከተማ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ጆሮ ላይ ነው። ሌላው አገር ፍሬ ያደርጋል። ፍሬ ከሽምብራ አትበልጥም። ጆሮ ውስጥ ገብታ የባለቤቷን ልብ እያዳመጠች፣ ትናንት የወደደውን እያስታወሰች፣ ለእሱ ብቻ የጭፈራ ሙዚቃ ትሠራለታለች። ጎረቤቱ አይሰማውም። ነገ ደግሞ ዛሬ የወደደውን ትሠራለታለች።

ትርንጎ ይመር አንድ ጊዜ ለእህቷ ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ ሄዳ ይህን ጉድ በዓይኗ አይታለች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ይጨፍራል፣ የሚሰማው ግን የጫማ ኮሽታና የአንድ ሽማግሌ ሳል ብቻ ነው። ሙሽራውና ሙሽሪት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘላሉ፤ እሷ የምትሰማውን እሱ አይሰማም፣ እሱ የሚሰማውን እሷ አታውቅም። ትርንጎ የሰጧትን ፍሬ ከጆሮዋ አውጥታ በመዳፏ ይዛ ቆመች። እህቷ መጥታ «ምነው፣ አልደመቀም እንዴ?» ብትላት ምን ትበል? የሰው ሠርግ ነው። «ኧረ ደምቋል» አለች። ኮምቦልቻ ስትመለስ ግን አልቻለችም። «ወላሂ፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ከዚያ የተሻለ ድምፅ አለው!»

እኛ ኮምቦልቾች ፍሬን ያላስገባነው ከሁሉ የበለጥን ስለሆንን አይደለም፤ እሱም ቢሆን ትንሽ አለበት። ዋናው ነገር ግን የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ከጠዋት ጀምሮ ከሽመና ማሽኑ ጩኸት ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ነው የሚውለው። ቀትር ሲደርስ ጥጡን አውጥቶ ሌላ ነገር ክተትበት ቢሉት፣ «ኧረ እባካችሁ፣ ጆሯችን ይተንፍስ!» ይላል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ቀትር ቤት ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት ገና ሞንታርቦ ነበረው። ግራና ቀኝ እንደ ቁም ሣጥን የተደረደሩ፣ ሲጮኹ የሰው ደረት የሚያንቀጠቅጡ ሞንታርቦዎች። በአገሪቱ የቀሩት እነዚያ ብቻ ነበሩ።

የሚያናግራቸው ደግሞ ትርንጎ ናት። ሃምሳውን ያለፈች፣ አጭር፣ ቁጡ፣ ስትስቅ ከቤቱ ወዲያኛው ጫፍ የምትሰማ ሴት። ጠዋት ቤቷ ተቀምጣ ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ሁሉንም በማሽኖቿ ትሠራና ቀትር ላይ ታወርደዋለች። ስንፍና ይዟት የትናንቱን ደግማ ያመጣች እንደሆነ እትዬ ዘምዘም አይምሯትም። ከክር ክፍል ጡረታ የወጡ፣ ወገባቸው የሰፋ፣ ትከሻቸው ግን ገና የኮረዳ የሆነ ሴትዮ ናቸው። ከወለሉ መሃል ሆነው፣ «ትርንጎዬ፣ የትናንቱን አሞቅሽልን?» ይሏታል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ትርንጎ በማግስቱ እንቅልፍ አጥታ የሠራችውን አዲስ ይዛ ትመጣለች።

ታዲያ አዲስ የሚለው ቃል ነበር ነገር ያመጣው። የአዲስነት ሚዛን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረ፤ አሁንም አለ። ሚዛኑ እስከ ዛሬ የተሠራውን ምት ሁሉ ያውቃል፣ የሰውንም የማሽንንም። አንድ ቀን ያ መሥሪያ ቤት የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ ተጠናቋል ብሎ አወጀ። እንደ አስፋልት መንገድ! ከእንግዲህ የሚመጣው ሁሉ የነበረ ነው፣ አዲስ ብሎ ነገር የለም። ሰውም እሺ አለ፤ ፍሬዋ ጆሮው ውስጥ እያለች ምን ጨነቀው?

ትርንጎ ግን እልኸኛ ናት፤ ሥራዋን ትልክላቸው ጀመር። የላከችው ሁሉ ተመለሰ። አንዱ ሲመለስ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በሰሜን አውሮፓ አንድ ወጣት ምድር ቤት ውስጥ ከሠራው ጋር ይመሳሰላል፣ የወጣቱን ሥራ ማንም ሳይሰማው ቀርቷል የሚል መልስ ነበረው።

«ማንም ካልሰማው እኔ ከየት ሰረቅሁት?» ብላ ደነፋች።

«በህልምሽ ሄደሽ ነዋ! ያለ ፓስፖርት» አለ ሰይድ አራጋው። ሰይድ የሽመና ክፍል ፎርማን ነው፤ ከእሷ ጋር በአንድ ሰፈር ያደገ፣ ድምፅ የምትቀላቅልበት ሚክሰሯ አጠገብ ቆሞ እሷን ማብሸቅ እንደ ሥራ የያዘ ሰው።

«ሳቅ አንተ። የሞተ ሰው እየቀደመኝ እኔ እዚህ እቃጠላለሁ።»

ከዚያ ትእዛዝ መጣ። ሙዚቃው ከተጠናቀቀ የጋራ ሞንታርቦ ምን ይሠራል? ይነሳና ለኮምቦልቻም ፍሬ ይታደል። አንድ በር ብቻ ተከፍቶ ቀረ፤ ቀትር ቤቱ በመዛኝ ፊት አንድ አዲስ ምት ካመጣ ሞንታርቦውን ይዞ ይቀጥላል። ትርንጎ ለእንጀራዋ አልሰጋችም፤ ፍሬ የሚያከፋፍሉት ሰዎች ሥራ እንሰጥሻለን ብለዋታል። እሷን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነው። ቤዙ ሲወርድ ያ ሁሉ ሰው፣ የታረቀውም የተኳረፈውም፣ በአንድ ትንፋሽ እጁን ሲያነሳ ሚክሰሯ ኋላ ከምትቆምበት የእንጨት ሣጥን ላይ ሆና ታያለች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ይህ ነበር ሀብቷ። «እሱን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?» አለችው ሰይድን። ያን ቀን ሰይድ አልቀለደባትም።

መዛኙ በግንቦት መጣ። ናኦድ ክንፈሚካኤል ይባላል፤ ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም ያልዘለለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ የአዲስ አበባ ሰው። ግራ ጆሮው ውስጥ ፍሬ አለች። ሚዛኑ ሳሙና ማስቀመጫ የሚያክል ሣጥን ነው፤ ከሚክሰሩ ጋር አገናኘው።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ድምፁ ሁሉ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው። ሚዛኑ ተመሳሳይ ሲያገኝ ራሱ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ራሱ ይከፍታል። እኔ የምነካው ነገር የለም።»

«ተመሳሳይ ካጣስ?»

ናኦድ ከሚዛኑ ቀና አለ። «እሱን አይቼ አላውቅም።»

«ውጭ የቆመው የጭነት መኪናስ?» አለ ሰይድ።

«ሞንታርቦዎቹን የሚጭን ነው። ሁለት ጊዜ እንዳንመላለስ ብለን ነው።»

«በሽተኛው ሳይሞት ሬሳ ሣጥን ይዞ መምጣት ይሉሃል ይኼ ነው!» አለ ሰይድ። ናኦድ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ትርንጎ ዓመት ሙሉ የደከመችበትን ምት ለቀቀችው። ቤዙ ከታች እንደ ክረምት ሰማይ አጉረመረመ፤ ከላይ የሽመና ማሽኑን ኳኳታ ቆራርጣ አስገብታዋለች፣ ሠራተኛው ገና ሲሰማው ሳቀ። ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ምቱ እየወጣ፣ እየወጣ፣ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ እያነሳ፣ አሁን ሊወርድ ነው ሲባል ድምፁ ቀጥ አለ።

ናኦድ ሚዛኑን አየ፤ ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። «ተመሳሳይ አለው። የተሠራው በ...»

«አትንገረኝ!» አለች ትርንጎ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ምንኛ በወደደች! ዓመት ሙሉ፣ ያ ሁሉ ሌሊት፣ እጁ ወደ ላይ እንደተሰቀለ በቀረ ሰው ፊት። የሚክሰሩን ጠርዝ ያዘች። አሁን ሰው እጁን ያወርዳል፣ እየተንሾካሾከ ይበተናል፣ ሞንታርቦዎቹ ይጫናሉ።

ሰው ግን እጁን አላወረደም። እንዴት ያውርድ? ትርንጎ ፊት ለፊት ቆማ እያየች «አዎ፣ ተቆርጦብሻል» ሊላት ነው? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እትዬ ዘምዘም ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ አንድ አጨበጨቡ። ሙዚቃው ለእሳቸው አልቆመም፣ በቃ! አጠገባቸው ያለችው ልጅ ትከሻዋን ቀጠለች። ከኋላ ያሉት ሸማኔዎች ጭብጨባውን ተቀበሉ። አንድ ቤት ሙሉ ሰው፣ አንዲት ሴት እንዳታፍር ብሎ፣ የሌለ ሙዚቃ እንደሚሰማ ሆኖ መጨፈሩን ቀጠለ። ናኦድ ፍሬዋ የተበላሸችበት መስሎት ጆሮውን ነካ ነካ አደረገ።

ትርንጎ መጀመሪያ ደሟ ፈላ። «አትዘኑልኝ! በአላህ፣ አትዘኑልኝ!» ብላ ጮኸች። የሰማት የለም፤ የሰማትም አልሰማሁም አለ።

ከዚያ ጆሮዋ አንድ ነገር ያዘ። ጭብጨባው ልክ አልነበረም። ሙዚቃ የለማ፣ ማን ይምራው? ማንም ቀድሞ ማጨብጨብ አልፈለገም፣ ማንም መጨረሻ መቅረትም አልፈለገም። እያንዳንዱ ጎረቤቱን ይጠብቃል። በር ላይ የተገናኙ ሽማግሌዎች «ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ቆይተው ድንገት ሁለቱም እንደሚገቡት፣ ጭብጨባው ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ከዚያ በአንዴ ግር ብሎ ይገባል። እንደገና ደግሞ ይጠባበቃል። በመሃሉ አንድ ክፍተት አለ፣ ሁሉም ለሌላው የተወው ባዶ ቦታ። ትርንጎ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ምት ሰምታ አታውቅም። በእጇም ሠርታ አታውቅም፤ ማሽኖቿ የሚያውቁት እኩል መቁጠር ነው፣ መከባበር አያውቁም።

ለእልልታ ብላ ጣሪያው ላይ ያንጠለጠለቻቸውን ማይኮች ከፈተች። ጭብጨባው በማይኮቹ ገብቶ በሞንታርቦ ወጣ። ያዘችው፣ ዝቅ አደረገችው፣ እንደ ከበሮ አጎላችው፤ የመጀመሪያውን ጭብጨባ ከኋለኛው ሥር አስተጋባችው። ከዚያ ያን ባዶ ቦታ ጠበቀች። ጠበቀች። ማንም አልገባበትም። ቤዙን እዚያ ጣለችው።

ቤቱ ጮኸ! ሰው የሌለ ሙዚቃ መስማቱን ትቶ ያለውን ሰማ። ትከሻው ምቱን አያውቀውም፣ እግሩ አያውቀውም፣ ግን የራሱ ጭብጨባ ነውና አይስተውም። አንዱ ቀድሞ ገባና አፍሮ ተመለሰ፤ ትርንጎ ስህተቱንም ያዘችና አብራ አስጨፈረችው። እሷ ሰውን ትከተላለች፣ ሰው እሷን ይከተላል፣ ማን መሪ እንደሆነ አልታወቀም። እሷ እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ ግን ከሚክሰሩ ላይ አልተነሳም። አላህ እኮ ሳይደግስ አይጣላም።

ናኦድ ሚዛኑ ላይ አጎንብሶ ቀረ። ድምፁ አልተቆረጠም። ሲያበቃ ሚዛኑን አገላበጠው፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ተበላሽቶ መሆን አለበት» አለ። ከራሱ ዕቃ አንድ የቆየ ምት አውጥቶ አስገባ፤ ሚዛኑ ገና ከመጀመሩ ቀጭ አድርጎ ቆረጠው። ደህና ነው። ናኦድ ቀና ብሎ ትርንጎን አያት። «ተመሳሳይ የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ ተመሳሳይ የለውም።»

ሰይድ የትርንጎ መቆሚያ ሣጥን ላይ ዘሎ ወጣና፣ «ሰማችሁ! የለውም! ተመሳሳይ የለውም!» ብሎ አወጀ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ትርንጎን የሚያቅፋት በዛ፤ እትዬ ዘምዘም በሰው መሃል እየተጋፉ ደርሰው ግንባሯን ሳሟት። «አላልኩሽም? አብሽሪ አላልኩሽም?» አሏት። ምንም ብለዋት አያውቁም፤ ማን ይከራከራቸዋል?

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ ናኦድ። ማቋረጡ ከልቡ አሳፍሮታል። «ለመመዝገብ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ መቅረብ አለበት።»

እሺ፣ ይደገም። ተደገመ። ግን አሁን ማን ይጠባበቅ? ቤቱ አሸንፏል፣ ኩራቱ ራሱ ላይ ወጥቷል፤ ያ ሁሉ «ይቅደሙ» ጠፍቶ እያንዳንዱ ልቅደም አለ። ጭብጨባው እንደ ፉከራ ተደራርቦ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየዘለለ መጣ። ትርንጎ ደንግጣ ተከተለችው፤ ቤዙ የሚያርፍበት ስላጣ ጭብጨባውን ከኋላ እያባረረ ሮጠ። ሲያበቃ ሁሉም እያለከለከ ናኦድን አየው።

«ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም» አለ።

«ወየው!» አለች ትርንጎ።

«ከሌላም ከምንም ጋር አይመሳሰልም» አለ ናኦድ። «ይኼኛውም አዲስ ነው።»

ሰይድ በንዴት ወደ ወለሉ ዞረ። «ጎበዝ! የቅድሙን ነው የተባለው! እባካችሁ እንደ ቅድሙ ይሉኝታ ይኑራችሁ!» ይሉኝታ ይኑራችሁ ሲባል ደግሞ ሰው ምን ያደርጋል? ሳቀ። ሳቁ ጭብጨባው ውስጥ ገባ፤ አንድ ጥግ ሲያቆም ሌላው ጥግ እየጀመረ ሦስተኛ ነገር ሆነ፣ ትርንጎም ራሷ እየሳቀች ሳቁን ቆራርጣ ምት አደረገችው። ሚዛኑ እሱንም አላወቀውም። ናኦድ ፍሬዋን ከጆሮው አውጥቶ ኪሱ ከተተ፤ ሥራውን እንዳይሰማ ትከለክለው ነበር።

«እንግዲህ» አለ በመጨረሻ። «አንዱንም መመዝገብ አልችልም። አንዱም ሁለት ጊዜ አልመጣም።»

ቤቱ ቀዘቀዘ። ትርንጎ እጇን ሚክሰሩ ላይ ጭና፣ «ስለዚህ ወድቀናል?» አለች። ስትጠይቅ ድምፅዋ አልተሰበረም። ሦስት አዲስ ምት በአንድ ቀትር የወለደ ቤት ወደቀ ቢባል ማን ይፍራ?

ናኦድ ደንቡን በሐሳቡ ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ፣ ጨርሶ ፈገግ ባይልም። «ደንቡ እንዲህ ነው፤ ፈተናው የሚዘጋው ቤቱ የማቀርበው አልቋል ሲል ነው። እስኪዘጋ ድረስ የቤቱ ዕቃ አይነካም።» ወደ ትርንጎ ዞረ። «አልቋል ይላሉ?»

ሳይረኑ ከላይ ጮኸ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሸማኔዎቹ ጥጣቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነው። ትርንጎ ወለሉን አየች፤ ያላበው፣ የደከመው፣ ሳቁ ገና ያልበረደለት ሰው ሁሉ እሷን እያያት ነው። አንገቷን ቀና አደረገች።

«ምን ያልቃል? ሥራ ሰዓት ደረሰ እንጂ» አለች። «ነገ በቀትር ይምጡ።»

ናኦድ በማግስቱ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። መኪናውን መልሶ ላከው፣ መጀመሪያ አልጋ ተከራየ፣ ቆይቶ ቤት ተከራየ፣ ይኸው አሥራ አንደኛ ዓመቱን ይዟል። በየቀትሩ ሚዛኑን ያገናኛል፣ ይሰማል፣ ተመሳሳይ የለውም ይላል፣ እንዲደገም ይጠይቃል፣ ሲደገም ሌላ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ጭብጨባው ይሰንፋል፣ ደመወዝ ሲወጣ ይፈጥናል፣ ሰው የሞተበት ሲኖር ቤቱ እሱን አስቀድሞ ይጠብቀዋል። ፍሬያቸውን ኪሳቸው ከተው ከሌላ ከተማ የሚመጡም አሉ፤ መጀመሪያ ቀን ጎረቤታቸውን መጠበቅ አይችሉበትም፣ እትዬ ዘምዘም ያስተምሯቸዋል። መዛኙ ራሱ ማጨብጨብ ከጀመረም ቆይቷል። «አቶ ናኦድ፣ እርስዎ እኮ መዛኝ ነዎት!» ሲሉት፣ «ሥራ ላይ ነኝ እትዬ» ይላቸዋል።

በየዓመቱ ከአዲስ አበባ አንድ ጥያቄ ይመጣለታል፤ የኮምቦልቻው ፈተና መቼ ነው የሚያልቀው? እሱ የሚመልሰው አንድ ነው፤ ቤቱ ገና እያቀረበ ነው። ዘንድሮም ያንኑ ሊመልስ ሲል ለትርንጎ ነገራት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ሣጥኗ ላይ ስትወጣ ሰይድ ክንዷን ይደግፋታል።

«አይ፣ የዘንድሮውን እኔ ልንገርህ» አለችው። «ገና ዛሬ ጀመሩ በላቸው።»